ሄልሜት፣ ጭምብል፣ ጓንት፦ ከግንባታ ሳይትና ከብየዳ ቤት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳይት ላይ የደኅንነት ሠራተኛ ከመሆኔ በፊት ራሴ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። አሸዋ አጣርቻለሁ፣ ሲሚንቶ ተሸክሜያለሁ፣ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ በነጠላ ጫማ ወጥቻለሁ። ያኔ ማንም ምንም አልነገረኝም። ስለዚህ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከካቦ፣ ከበያጅ፣ ከለሳኝ፣ ከቀን ሠራተኛ፣ አንዳንዴም ከሠራተኛ ሚስት የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ የግንባታና የብረታ ብረት ሥራን ይመለከታሉ፤ እኔም አብልጬ የማውቀው እሱን ነው።

መከላከያ ዕቃ ከለበስኩ በቃ፣ ደኅና ነኝ ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው ነገሩን ገልብጦ ስለሚያየው ይህን ቀድሜ ልናገር። መከላከያ ዕቃ አደጋውን አያጠፋውም። አደጋው እዚያው አለ፤ ሰውየው ላይ ግን ዕቃ ተደርቧል። ጭምብሉ ሰፍቶ ከተንሸራተተ፣ ጓንቱ ከተቀደደ፣ መነጽሩ በላብ ጉም ለብሶ ከወለቀ፣ በሰውየውና በአደጋው መካከል የቀረ ነገር የለም።

በሙያው የሚሠራበት ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ አደጋውን ጨርሶ ማስቀረት ይቻል እንደሆነ ይታያል። ካልተቻለ ባነሰ አደገኛ ነገር ይተካል። ያም ካልሆነ በመከለያ፣ በውሃ ወይም በአየር ማስወጫ ከሰው እንዲርቅ ይደረጋል። ከዚያ የሥራው ሰዓትና አሠራር ይስተካከላል። ሰው ላይ የሚለበሰው ዕቃ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

በምሳሌ ላሳይ። አንድ ልጅ ደረጃ ሥር ቁጭ ብሎ በግራይንደር ሴራሚክ ይቆርጣል። ነጭ አቧራ ስለሸፈነው ቅንድቡ አይታይም። ያየው ሁሉ ወዲያው «ማስክ ስጡት» ይላል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ለምን በግራይንደር?» ብዬ ነው። ቁርጡ ቀጥ ያለ ከሆነ በእጅ የሚሠራ የሴራሚክ መቁረጫ አለ። ጭሮ ይሰብረዋል፣ አቧራው ከምንም አይቆጠርም። ለጠማማው ቁርጥ ደግሞ ውሃ እያፈሰሰ የሚቆርጥ ማሽን አለ። (ተራ ግራይንደር ላይ ውሃ እያንጠባጠባችሁ እንዳትሞክሩት፤ ኤሌክትሪክ ይገድላል።) ይህ ሁሉ ካልተገኘ ልጁ ከደረጃው ሥር ወጥቶ ሜዳ ላይ ይቀመጥ፣ ነፋሱን ከጀርባው ያድርግ፣ ጭምብሉንም ያጥልቅ። ጭምብሉ ብቻውን ሲሆንና ከዚህ ሁሉ ጋር ሲሆን ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

አሥር ዓመት አቧራ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ምን ያደርገኛል?

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ጥያቄ ነው። የለመደው አፍንጫችሁ ነው፤ ሳንባችሁ አልለመደም።

ድንጋይ፣ ኮንክሪት፣ ብሎኬትና ሴራሚክ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። ሲቆረጥ፣ ሲፈጭና ሲበሳ እየደቀቀ ይወጣል። ልብስ ላይ የሚታየው አቧራ ብዙም አያስፈራም፤ አክ ብላችሁ ትተፉታላችሁ። የሚያስፈራው የማይታየው ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአማካይ ወደ 70 ማይክሮን ነው (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ሳንባ ጥልቀት ድረስ የሚወርደው አቧራ ግን 4 ማይክሮን ገደማና ከዚያ በታች ነው። እዚያ ከገባ አይወጣም። ሰውነት ሊያጠፋው ሲታገል ሳንባው ጠባሳ ያበጃል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። ጠባሳውን የሚመልስ መድኃኒት የለም።

ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ደረጃ ሲወጡ መተንፈስ ይከብዳል፣ ደረቅ ሳል ይመጣል። ሰውየውም «እርጅና ነው» ይላል። በዚህ ላይ ሲሊካ የጎዳው ሳንባ ለቲቢ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ቲቢ ደግሞ በአገራችን ገና አልጠፋም። ስለዚህ ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ስትሄዱም ሥራችሁን ተናገሩ። «ድንጋይ እቆርጣለሁ፣ ይህን ያህል ዓመት ሠርቻለሁ» በሉ። ካልነገራችሁት ሐኪሙ በምን ያውቃል?

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። ወለል ከመጥረጋችሁ በፊት ውሃ እርጩ፤ በደረቁ መጥረግ የተኛውን አቧራ መቀስቀስ ነው። ቱታችሁንም ቤት ወስዳችሁ ልጆች ባሉበት አታራግፉት።

የትኛውን ማስክ ልግዛ? ሁሉም አንድ አይደለም እንዴ?

አንድ አይደለም። ሻሽና ስካርፍ አቧራ አያጣራም፤ ላብ ይጠርጋል እንጂ። ሰማያዊው የሐኪም ማስክ የተሠራው በዋናነት ከአፍ የሚወጣ ጠብታ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው፤ ጎንና ጎኑ ክፍት ስለሆነ ደቃቅ አቧራ በዚያ ይገባል። ለአቧራ የሚሆነው ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የሚል የተጻፈበት ነው። የመጀመሪያው ቢያንስ 95 በመቶ፣ ሁለተኛው ቢያንስ 94 በመቶ ደቃቅ ቅንጣት ያስቀራል። ኤፍኤፍፒ 3 ደግሞ 99 በመቶ ይደርሳል።

ይህ ቁጥር የሚሠራው ግን ጭምብሉ ፊት ላይ ከገጠመ ነው። ሁለቱም ላስቲክ መታሰር አለበት፤ አንዱ ከጆሮ በላይ፣ አንዱ ከማጅራት። ብዙ ሰው የታችኛውን ቆርጦ ይጥለዋል፤ ያኔ ጭምብሉ ጌጥ ሆነ ማለት ነው። አፍንጫ ላይ ያለውን ሽቦ በሁለት እጅ ጣት ተጫኑት። ከዚያ በኃይል ተንፍሱ። አየር ወደ ዓይናችሁ ሽው ካለ አልገጠመም። ጺም ካለም አይገጥምም። ጺሙን በሃይማኖት ወይም በሌላ ምክንያት የማይላጭ ሠራተኛ አለ፤ እሱን አቧራ የሌለበት ሥራ ላይ መመደብ የካቦው ፋንታ ነው።

አንድ ነገር አደራ። እነዚህ ጭምብሎች ጋዝና የቀለም ትነት አያስቀሩም። ዱኮ የሚረጭ ሰው የሚያስፈልገው ከሰል ያለው ካርትሪጅ የሚገጠምበት የጎማ ጭምብል ነው። ሽታው ከውስጥ መሽተት ከጀመረ ካርትሪጁ አልቋል።

ወተት መጠጣት የብየዳ ጭስና የቀለም መርዝ ያጠፋል?

አያጠፋም። ይህን ስናገር ቅር የሚላቸው እንዳሉ አውቃለሁ። በቀለም ቤት፣ በጋራዥ፣ በማተሚያ ቤትና በብየዳ ቤት ወተት መስጠት የቆየ ልማድ ነው። የሰጪውም ሐሳብ መልካም ነው። ግን መንገዱን እዩት። ጭሱ የሚገባው ሳንባ ነው፣ ከሳንባ ወደ ደም። ወተቱ የሚወርደው ሆድ ነው። አይገናኙም።

ከሁሉ ግልጽ የሚያደርገው የጋላቫናይዝድ ብረት ነገር ነው። ይህ ብረት ዚንክ የተቀባ ነው። ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል። በያጁ ቀን ምንም አይሰማውም። ማታ ቤቱ ከገባ በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። ወባ ወይም ጉንፋን ይመስለዋል። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። ወተት ጠጥቶ ከነበረ «ወተቱ አዳነኝ» ይላል። ባይጠጣም ይተወው ነበር።

ወተቱን አትከልክሉ፤ ምግብ ነው፣ የደከመ ሰው ይጠጣው። የእኔ ጭንቀት ወተቱ የአየር ማስወጫውን ቦታ ሲይዝ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የብየዳ ጭስን ሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ከተባሉት ተርታ አስገብቶታል። ስለዚህ በሩን ክፈቱ፣ ከተቻለ ጭሱን ከምንጩ የሚስብ ማራገቢያ አድርጉ፣ የዚንክ ቅቡን ከመበየዳችሁ በፊት ፋቁት። ስትፍቁም ጭምብል ይኑር። ጭንቅላታችሁን ደግሞ ከጭሱ ዓምድ ውስጥ አውጡ። ጎንበስ ብሎ ጭሱን እየሳበ የሚበይድ ሰው ባየሁ ቁጥር ትከሻውን ነካ አድርጌ ወደ ጎን አስጠጋዋለሁ። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ለብየዳ ጥቁር የፀሐይ መነጽር አይበቃም?

አይበቃም፤ ዓይንን ያህል ነገር ለፀሐይ መነጽር አትስጡ።

አብሮኝ ተከራይቶ የሚኖር አንድ በያጅ ነበር። አንድ ቀን የመስኮት ፍርግርግ ሲበይድ ዋለ፣ በፀሐይ መነጽር። እራት በላን፣ ተጫወትን፣ ተኛን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ሲያለቅስ ሰማሁት። ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የሞሉበት ነበር የመሰለው። መብራት ሳበራ ጮኸ። እስኪነጋ እርጥብ ፎጣ ፊቱ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

የሆነው ይህ ነው። የብየዳ ብልጭታ አልትራቫዮሌት ጨረር አለው። የዓይንን የፊት ሽፋን ያቃጥለዋል፣ ፀሐይ ቆዳን እንደምታቃጥል። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፤ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ለኤሌክትሪክ ብየዳ የሚያስፈልገው መስታወት እንደ አምፔሩ ከቁጥር 10 እስከ 13 ያለው ነው፤ ቁጥሩ መስታወቱ ጥግ ላይ ተጽፏል። ለጋዝ መቁረጫ 5 ገደማ ይሆናል። ጭምብሉ አንገትንም ይሸፍን፤ ደረት ክፍት አድርጎ የሚበይድ ሰው አንገቱ ሥር ይላጣል። የተበየደውን ስትወቅሩ ደግሞ ንጹሕ መነጽር ከሥር ይኑር፤ ብዙ በያጅ ዓይኑን የሚጎዳው ጭምብሉን ገልብጦ ቅርፊቱን ሲመታ ነው።

ብረቱን የሚይዘውን ረዳት አትርሱ። «ዓይንህን ጨፍን» መባሉ ጥበቃ አይደለም። በመንገድ ዳር የምትበይዱም ሸራ ጋርዱ፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ቆመው ያያሉ።

ከተመታችሁ ጨለማ ክፍል ግቡ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጉ፣ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ውሰዱ፣ አትሹት። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይድናል። ድንች ልጦ መለጠፍ ቅዝቃዜው ያስታግስ ይሆናል፣ ግን የቆሸሸ ነገር የቆሰለ ዓይን ላይ አትጨምሩ። የሚያደነዝዝ የዓይን ጠብታ ከፋርማሲ ገዝቶ ደጋግሞ መጨመር ደግሞ ዓይንን ይብስ ይጎዳል፤ እሱ ሐኪም ለምርመራ የሚጠቀምበት ነው። በሁለተኛው ቀን ካልተሻለ ወይም የብረት ፍንጣሪ ገብቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ጓንት ሁልጊዜ ማድረግ አለብኝ?

ሁልጊዜ አይደለም። የሚሽከረከር ማሽን ላይ፣ ማለትም ድሪል፣ ቶርኖና የቆመ መሳያ ላይ፣ ጓንት አታድርጉ። ማሽኑ የጓንቱን ጫፍ ከያዘ ከነእጁ ይጠቀልለዋል። ሰፊ እጅጌ፣ የአንገት ሻሽና የተፈታ ፀጉርም እንደዚያው።

ሲሚንቶ ላይ ግን ጓንት ግድ ነው፤ እሱም ውሃ የማያስገባ የጎማ ጓንት። የጨርቅ ጓንት ሲሚንቶ ሲነክር ይባስ እጅ ላይ ይይዘዋል። የራሰ ሲሚንቶ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ፣ 7 መካከለኛ የሆነበት) ከ12 በላይ ነው፤ ያቃጥላል። ክፋቱ ሲያቃጥል ወዲያው አያምም። ቦቲው ውስጥ አርማታ ገብቶበት እስከ ምሳ የሠራ ልጅ ጫማውን ሲያወልቅ ቆዳው አብሮ ሲነሳ አይቻለሁ። የሱሪ ጫፍ ከቦቲው ውጭ ይሁን፤ ውስጥ ከገባ ሲሚንቶውን መምራት ነው። ልስን ላይ ስትንበረከኩ ጉልበታችሁ ሥር ነገር አንጥፉ። ከነካችሁ በሚፈስ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ታጠቡ።

በሲሚንቶ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ደግሞ አለርጂ ያስነሳል። አንድ ጊዜ ከጀመረ ዕድሜ ልክ አብሮ ሊኖር ይችላል። በዚህ ምክንያት ልስን የተዉ ጎበዝ ለሳኞች አውቃለሁ።

የግራይንደሩ መከለያ ሥራ ያስቸግራል። ባወልቀውስ?

አታውልቁት። መከለያው የሚወልቀው አብዛኛውን ጊዜ ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ትልቅ ዲስክ ትንሽ ማሽን ላይ ለመግጠም ነው። ዲስኩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 230 ሚሊሜትር ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ6,600 ዙር በላይ እንዳይዞር ተጽፎበታል። ለ115 ሚሊሜትር የተሠራው ትንሹ ግራይንደር ግን በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይዞራል። ትልቁን ትንሹ ላይ ስትገጥሙ ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል፤ ይፈነዳል። ፍንጣሪው ወደ ፊትና ወደ አንገት ነው የሚሄደው።

ዲስክ ዕድሜም አለው። መሐሉ ላይ ባለው የብረት ቀለበት የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። እርጥበት የነካውን፣ የወደቀውንና የተሰነጠቀውን ጣሉ።

ሄልሜት ያሞቃል፤ ራስም ያሳክካል። ምን ይሻላል?

ያሞቃል፣ እውነት ነው። ነጭ ቀለም ያለው ይሻላል፣ ከሥሩ ስስ የጥጥ ጨርቅ ማድረግም ይቻላል። ውፍረት ያለው ኮፍያ ግን አታድርጉ፤ በራስና በቅርፊቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ነው ምቱን የሚያበርደው። በዚያ ክፍተት ሲጋራና ስልክ የሚያስቀምጥ ሰው አይቻለሁ። አንዴ ከባድ ነገር ከመታው፣ ባይሰነጠቅም ቀይሩት። ጠርዙ ሥር የተሠራበት ወርና ዓመት አለ፤ መርካቶ ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩት።

ከፍታ ላይ ቀበቶ ታጥቄያለሁ። ያ በቂ ነው?

ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ቀበቶ ለመውደቅ አይሆንም። ሰው ሲወድቅ ክብደቱ ሁሉ ወገቡና ሆዱ ላይ ያርፋል። የሚያስፈልገው ትከሻንና ጭንን የሚይዘው ሙሉ ሀርነስ ነው።

የሀርነሱ ገመድ የት ታሰረ? ይህ ከሀርነሱ በላይ ይወስናል። ብዙ ጊዜ የማየው የቆሙበት ባሕር ዛፍ ላይ ታስሮ ነው። እንጨቱ ሲሄድ አብሮ መሄድ ነው። ከራስ በላይ ያለ ጠንካራ ነገር ላይ ይታሰር፣ ለምሳሌ የደረቀ ኮንክሪት ዓምድ ወይም ለዚሁ የተቀበረ ብረት። ሂሳቡንም ሥሩ። ገመዱ 2 ሜትር ነው፣ ገመዱ ላይ ያለው ምት ማብረጃ፣ ማለትም ሰው ሲወድቅ እየተዘረጋ ድንጋጤውን የሚቀንሰው ክፍል፣ እስከ 1.75 ሜትር ድረስ ይዘረጋል፣ የሰውየው ቁመት አለ፣ ትርፍ ክፍተትም ያስፈልጋል። ሲደመር ከ6 ሜትር በላይ ነው። አንደኛ ፎቅ ላይ፣ በ3 ሜትር ከፍታ፣ ገመዱ እግሩ ሥር የታሰረ ሰው ገመዱ ሳይዘው መሬት ይደርሳል። እዚያ ከፍታ ላይ የሚያድነው መከለያ አጥር ነው፣ ወይም ጠርዝ ላይ እንዳይደርስ የሚያስቀር አጭር ገመድ።

ደግሞ የተንጠለጠለን ሰው ማን ያወርደዋል? ሀርነስ ላይ ሳይንቀሳቀስ ተንጠልጥሎ መቆየት በራሱ ይገድላል። መሰላሉ የት እንዳለ ከመውጣታችሁ በፊት እወቁ።

የጆሮ መሰኪያ በእውነት ያስፈልጋል?

አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር ከጮኻችሁ፣ አዎ። ያ ድምፅ 85 ዴሲቤል ገደማ ወይም በላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከተሰማ ጆሮ ይጎዳል። ጥጥ መወተፍ አይረዳም። የስፖንጁን መሰኪያ በጣት አጠንክራችሁ አቅጥኑት፣ በሌላ እጃችሁ ጆሮን ከጭንቅላት ጀርባ ዞራችሁ ወደ ላይ ሳቡ፣ ከትታችሁ እስኪነፋ ያዙት። የሄደ መስማት አይመለስም።

ጉድጓድ ውስጥ ለመግባት ማስክ ይበቃል?

በፍጹም። ይህን መልስ ከሁሉም በላይ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ።

የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ ታንከር፣ የተዘጋ ማጠራቀሚያ፣ ሁሉም አንድ ናቸው። የምንተነፍሰው አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው። ከ19.5 በመቶ በታች ሲሆን አደገኛ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ከዚያ በጣም ሊያንስ ይችላል። ማስክ ያጣራል እንጂ ኦክስጅን አይፈጥርም። በዚህ ላይ ፍሳሽ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። መጀመሪያ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን የማሽተት ችሎታን ያደነዝዛል፤ ሰውየው «ሽታው ጠፋ» ብሎ ይደሰታል። የጠፋው ሽታው አይደለም። ውስጥ ሆኖ በቤንዚን ፓምፕ ውሃ መሳብም ሌላ ገዳይ ነው፤ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጉድጓዱን ይሞላል።

አንዱ ይገባል፣ ይወድቃል። ከላይ ያለው ወንድሙ «ምን ሆነ?» ብሎ ይገባል፣ ይወድቃል። ሦስተኛው ጎረቤት ነው። እንዲህ ያለ ለቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ። ሦስቱም ጎበዞች ነበሩ፤ ሁለቱ ሰው ለማዳን ነው የሞቱት።

ሻማ ወይም ኩራዝ ማውረድ ፍተሻ አይደለም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድን አይነግራችሁም፣ ሚቴን ካለ ደግሞ ያፈነዳል። የሽንት ቤት ጉድጓድ በመጣጭ መኪና ይመጠጥ፤ ሰው አይግባ። መግባት የግድ ከሆነ በጋዝ መለኪያ የተለካ፣ በማራገቢያ አየር የገባለት፣ ከላይ በገመድና በሦስት እግር ማንሻ የተያዘ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ሰው ከወደቀ አትግቡ። በያዘው ገመድ ሳቡት፣ ጩኹ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ በ939 እሳት አደጋ ጥሩ። ወንድማችሁ ከሥር ተኝቶ ከላይ መቆም የሰው ልጅ የማይችለው ነገር ነው፤ አውቃለሁ። ለዚህ ነው አስቀድማችሁ ማንም ገመድ ሳይኖረው እንዳይገባ የምለምናችሁ።

እኔ የምሠራው ሳይት ላይ ሳይሆን ሰው ቤት ነው፤ ዓረብ አገር። ለእኔስ?

ለአንቺ አንድ ነገር ብቻ፣ ግን ትልቅ ነገር። በረኪናን፣ እናንተ እዚያ ክሎሮክስ የምትሉትን፣ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅይ። ከአሞኒያ ካለው የመስታወት ማጽጃ ጋርም አትቀላቅይ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ራስ ያስታል። ከተሳሳትሽ ሳትጠርጊ፣ ሳትደፊ ውጪ፤ በሩን ክፈቺው፣ ንጹሕ አየር ጋ ቁሚ። አንዱን ተጠቅመሽ በብዙ ውሃ አለቅልቀሽ ሌላውን መጠቀም ትችያለሽ። እመቤቲቱ ቀላቅይ ብትልም «ይገድላል» በያት።

ሴት ነኝ፤ ያለው ዕቃ ሁሉ የወንድ ልክ ነው።

ልክ ነሽ፣ ችግሩም ያንቺ አይደለም። ሳይቶቻችን ላይ ብሎኬትና አሸዋ የሚያቀብሉት ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ ጓንቱ ግን በትልቅ ሰው እጅ ይገዛል። የሚወልቅ ጓንት ዕቃ ያስጥላል፣ ትልቅ ቦቲ ያደናቅፋል። በትንሽ ቁጥር ይገዛ፤ ዋጋው ያው ነው። የሄልሜት የውስጥ ቀበቶ ይጠብቃል፤ ሻሽሽን ከሥሩ በስሱ እሰሪው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ለካቦው ንገሪ፤ ከባድ ሸክምና የቀለም ትነት ካለበት ሥራ መራቅ አለብሽ።

ዕቃውን መግዛት ያለበት ማነው? ከደሞዜ እየተቆረጠ ነው።

አሠሪው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ፣ ልብስና ሌሎች ዕቃዎች እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያዛል። ሰጥቶ ዝም ማለት አይበቃም፤ ማስተማርም ግዴታው ነው። ሠራተኛው በበኩሉ የተሰጠውን መጠቀምና መጠበቅ አለበት።

አንዳንድ ቦታ ሄልሜቱ መጋዘን ተቆልፎበት ይኖርና ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ይታደላል። አንድ የሠራሁበት ቦታ እንዲህ ነበር፤ ሄልሜቶቹ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ሁለት ዓመት ተቀመጡ። ያኔ አልተናገርኩም። መናገር ነበረብኝ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ በእሱ በኩል ጠይቁ፤ ከሌለ ብቻችሁን ሳይሆን ተሰብስባችሁ ጠይቁ። በየክፍለ ከተማውና በየወረዳው ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም አቤቱታ ይቀበላል።

ጓንት ሳላደርግ ብጎዳ ካሳ ይቀርብኛል?

ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። በአዋጁ መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ ነው። የሚቀረው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው፤ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባት እንደዚያ ይቆጠራሉ። ዕቃው ሳይሰጣችሁ፣ ሳይነገራችሁ ከተጎዳችሁ ያ የእናንተ ጥሰት አይደለም።

በሕክምና ላይ እያላችሁ የሚከፈላችሁም አለ፤ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ስለዚህ በተጎዳችሁበት ቀን አስመዝግቡ። ያዩትን ሰዎች ስም ያዙ፣ የሐኪም ወረቀት አትጣሉ፣ ቦታውን በስልክ ፎቶ አንሱ። «ነገ ይሻለኛል» ብሎ ቤቱ የሄደ ሰው በኋላ ማስረጃ ይቸግረዋል።

ትንሽ ብየዳ ቤት ነው ያለኝ፤ አምስት ሠራተኛ። ገንዘብ የለኝም፤ ከምን ልጀምር?

ከመጥረጊያ። ወለሉ ላይ የተዝረከረከውን ፌሮና ገመድ አንሳ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ተደናቅፎ ነው። ቀጥሎ የተላጠውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ቀይር። ማሽኑን ከበሩ አጠገብ አድርገው፣ ጭሱ እንዲወጣ። የግራይንደር መከለያዎቹን ከጥግ ፈልገህ መልሰህ ግጠም፤ አሉ፣ አልተጣሉም። ከዚያ ግዛ፦ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ የሆነ ንጹሕ መነጽር፣ ትክክለኛ ቁጥር ያለው የብየዳ መስታወት፣ የቆዳ ጓንት። የአምስቱን ስም መነጽሩ ላይ በማርከር ጻፍበት። ስሙ ያለበትን ዕቃ ሰው ይጠብቀዋል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ታየዋለህ። አንተም ሱቁ ውስጥ ስትገባ የራስህን አድርግ፤ ልጆቹ የሚያዩት አንተን ነው።